የግቢና የሰፈር ብክለትን ከምንጩ እንዴት መያዝ ይቻላል?

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በገላን በኩል ለሚኖር ሰው የአካባቢ ጥበቃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ችግኝና የጽዳት ዘመቻ ነው። ሁለቱም አይጠሉም። ግን ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ዘመቻ ቢወጣ፣ በሳምንቱ ሰፈሩ እንደነበረው ነው። ፋብሪካዎች የአካባቢ ጥበቃ ሥራቸውን የሚመሩበት አይኤስኦ 14001 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ለአንድ ግቢም ይሠራል፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ መለካት፣ ማስተካከል።

መጀመሪያ ውኃውን ተከተሉ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ቦቲ አድርጋችሁ ውጡ። ከጣሪያ የወረደው ውኃ በየት አለፈ? የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ነካው? ከጋራዥ ደጅ ዘይት ይዞ ወረደ? ቦዩ የቱ ጋ ተደፈነ? በዚህ በኩል ያለው ፍሳሽ አብዛኛው መድረሻው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም አዋሽ ወንዝ። በአቃቂ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል። የደፋነው ነገር ዞሮ ገበታችን ላይ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ከግቢ የሚወጣውን ሁሉ ጻፉ። የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ የልብስ እጥበት ውኃ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ አመድ፣ የዶሮ ኩስ። ከዚያ በሁለት ጥያቄ አጣሩት፦ ሰው ይጎዳል ወይ? በየቀኑ የሚመጣ ነው ወይ? ለሁለቱም «አዎ» ያላችሁትን አስቀድሙ። ሁሉንም በአንዴ ልያዝ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

በብዙ ቤት ከደረቁ ቆሻሻ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሚበሰብሰው ነው። እሱን ኮምፖስት አድርጉት። እዚህ ላይ ከተለመደው ምክር እለያለሁ፤ ብዙ ሰው ጉድጓድ ቆፍሩ ይላል። በእኛ ጥቁር መረሬ አፈር ግን ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥርና ይሸታል። ከመሬት በላይ ከምሩት። ቁመቱም ጎኑም 1 ሜትር ገደማ ይሁን፤ ካነሰ አይሞቅም። ከሥር ጭራሮ አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ነገር (ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል) ለአንድ እጅ እርጥብ ነገር (የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እበት) እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። ሥጋና ቅባት አታስገቡ፣ ውሻና አይጥ ይጠራል። እርጥበቱን በእጅ ጨምቃችሁ እዩ፤ ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። የብረት ዘንግ መሀሉ ላይ ሰክታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ንቀሉት፤ ትኩስ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት፣ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ሸፍኑት። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁርና ፍርፍር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው ነገር ታገኛላችሁ። ከሸተተ ደረቅ ጨምሩ፣ ካልሞቀ እርጥብ ጨምሩ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ሃይላንዱን፣ ብረቱንና ካርቶኑን ለይታችሁ ለቆራሌው አስቀምጡ። ፌስታል በጠዋት እያቃጠሉ ሰፈሩን ማጨስ ግን በቃ ይቅር፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ግቢው ውስጥ መኪና የሚጠግን ሰው ካለ የተቃጠለውን ዘይት በጄሪካን ያጠራቅም እንጂ ቦይ ውስጥ አይድፋ።

የሽንት ቤት ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃም አያሳልፍም። ስለዚህ ማስረጊያ ጉድጓድ ክረምት ላይ ቶሎ ይሞላል። መፍትሔው ጠልቆ መቆፈር አይደለም፤ የጣሪያውንና የእጥበቱን ውኃ ከሽንት ቤቱ መለየት ነው። መምጠጫ መኪናውን ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ጥሩ። የውኃ ጉድጓድ ካላችሁ ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ሽንት ቤቱም ከውኃ ጉድጓዱ በላይ በኩል አይሁን።

ከዚያ ለኩ። በሳምንት ስንት ማዳበሪያ ጆንያ ቆሻሻ ለጽዳት ማኅበሩ ታወጣላችሁ? ከሦስት ወር በኋላስ? ቁጥሩ ካልቀነሰ አንዱ ነገር አልተለየም፤ ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩ።

ከአጥር ውጭ ያለውን ብቻችሁን አትችሉትም። የቦይ ጠረጋውን በእድር ስብሰባ አንሱት፣ ሰው ያለው እዚያ ነው። ምንጩ አንድ ድርጅት ከሆነ ግን ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን ባይነካው እንኳ፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ፎቶውን ከነቀኑ አያይዙ። ማመልከቻው የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይጻፍበት፣ ኮፒውም ማኅተም ሳይመታበት ከቢሮው አትውጡ።