ኖማ፦ የልጅ ድድ ሲደማና ሲከረፋ ሳይውል ሳያድር ምን ይደረግ?

ኖማ ከድድ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭ የሚበላ በሽታ ነው። ሲብስ ወደ አፍንጫና ወደ ታችኛው የዓይን ቆብ ይዘልቃል። ካልታከመ ከ10 ልጆች እስከ 9 ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዘግይቷል።

በብዛት የሚያዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ የከሳ ልጅ ነው፤ በተለይ ኩፍኝ ወይም ወባ ካደቀቀው በኋላ። በጎጃም ቆላማ ቀበሌዎች መስከረምና ጥቅምት ላይ ወባው ይነሣል፣ እህሉም ገና ማሳ ላይ ነው። የልጆችን አፍ አዘውትሮ ማየት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው ልጁን ደጅ፣ በቀን ብርሃን ጭንዎ ላይ ያስተኙት። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ቀና፣ የታችኛውን ዝቅ ያድርጉ። ጤነኛ ድድ በሁለት ጥርሶች መካከል ሹል ሆኖ ይገባል። ያ ሹል ጫፍ ተበልቶ ከጎደጎደ፣ ግራጫ ነገር ከለበሰ፣ ሲነኩት ከደማና ትንፋሹ ከወትሮው በተለየ ከከረፋ ለነገ አይበሉ፤ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በዚህ ደረጃ በአሞክሲሲሊንና በሜትሮኒዳዞል ይድናል። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚሰላ ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት አይስጡ።

ጉንጩ ካበጠ ግን ጊዜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ከዕብጠቱ ቀጥሎ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ከውስጥ ሥጋው ሞቷል ማለት ነው። ጥቁሩን አይላጡ፣ ቅጠል አይለጥፉ፣ በጋለ ብረት አይተኩሱ፣ ጥርስም አይንቀሉ። ጸበል የሚወስዱትም ቢሆን መድኃኒቱ አይቋረጥ። ሪፈር ከተጻፈ በዚያው ቀን ይንቀሳቀሱ።

እስኪደርሱ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው አፉን ያጉመጥምጡት፤ መትፋት የማይችል ትንሽ ልጅ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ነክረው ይጥረጉለት። ማኘክ ስለሚያመው ቀጠን ያለ አጥሚት በወተት፣ ወይም በደንብ የበሰለ እንቁላል ፈጭተው በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ጾም ቢሆንም ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ በጾም ሰሞን ወተትና እንቁላል ከቤት ስለሚጠፋ ለእሱ አስቀድመው ያስቀምጡ። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የላይኛው ክንዱ (ከትከሻና ከክርን መካከል ያለው) ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የአልሚ ምግብ ሕክምናም ያስፈልገዋል።

ዓይንን አይርሱ። የታችኛው ቆብ ሲጎዳ ዓይኑ አይከደንም፤ የተጋለጠው ብሌን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይታወራል። ለትራኮማ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት ያረጥበዋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ባለሙያው ይንገርዎት። ጉንጩ ደህና ሆኖ የዓይን ቆብ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም ሲያንቀሳቅሰው ካመመው ኖማ ባይሆንም ድንገተኛ ነው፤ ቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ።

ኖማ ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ልጁን ጓዳ መደበቅ ሕክምናውን ከማዘግየት በቀር ማንንም አያድንም። (ኩፍኙ ግን ይተላለፋል፤ ያልተከተቡ ወንድምና እህቶቹን ያስከትቡ።)

ቁስሉ ሲጠግ ጠባሳው መንጋጋን ይቆልፋል። ባለሙያው ሲፈቅድ ጠዋትና ማታ ሐኪም ምላስ የሚጫንባቸውን ዓይነት ስስ ጠፍጣፋ እንጨቶች ደራርበው በጥርሶቹ መካከል ያስገቡ፤ ሲለምድ አንድ አንድ ይጨምሩ። የፊት ጥገና ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ቁስሉ ከደረቀ ከወራት በኋላ ስለሆነ ይህ ልምምድ እስከዚያ አይቋረጥ።