የፈረንጅ ጥድን የዋንዛ መልክ ማስያዝ፦ እንጨትን በስቴይንና በሚሟሟ ቀለም የማቅለም ሥራ

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በገላን ባሉ እንጨት ቤቶች በቀላሉ የሚገኘው ጣውላ የፈረንጅ ጥድና ባህር ዛፍ ሲሆን፣ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የሚያሠራ ደንበኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው የዋንዛን መልክ ነው። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም ተተክሎ ያደገን ዛፍ ጣውላ በቀለም ማሳመር ለኪስም ለደንም የሚበጅ ሙያ ነው። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በቀለሙ ጥራት ማነስ ሳይሆን፣ የመጨረሻውን መልክ የሚወስነው በቆርቆሮ ካለው ቀለም ይልቅ እንጨቱ መሆኑ ስለሚዘነጋ ነው።

ማቅለሚያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በውኃ ወይም በአልኮል የሚሟሟ ዱቄት ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ስለሚሟሟ ወደ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ የእንጨቱንም የተፈጥሮ መስመር ሳይሸፍን ያደምቀዋል። ሁለተኛው፣ ስቴይን የሚባለው፣ በዘይት ወይም በሌላ ፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ የቀለም ዱቄት ስለሆነ በእንጨቱ ቀዳዳዎችና በብርጭቆ ወረቀት ጭረቶች ውስጥ ይቀመጣል። የሚሟሟው ቀለም ያማረ ቢሆንም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ በመሆኑም ለውጭ በርና ለመስኮት ስቴይንን መምረጥ፣ የሚሟሟውን ግን ለቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀረት ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ጣውላው መድረቁን ያረጋግጡ። እርጥብ ባህር ዛፍ ገዝቶ በሳምንቱ የሚያቀልም ሰው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ያጣል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛልም። የደረቀውን ጣውላ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው፣ በ120 አልፈው፣ በ180 ይጨርሱ፤ ሁልጊዜም በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ እንጂ አቋርጠው አይፈትጉ፤ ተቋርጦ የተፈተገ ቦታ ቀለም ሲነካው ጥቁር ጭረት ሆኖ ይወጣል። ከ180 በላይ ማለስለስ ለእጅ ቢመችም ስቴይኑ የሚይዝበትን ስለሚያሳጣው መልኩን ያገረጣዋል። የጣውላው ጫፍ ግን ቀለምን ከፊቱ ይልቅ አብዝቶ ስለሚመጥ እሱን ብቻ እስከ 220 ቢያለሰልሱት ከሌላው ጋር ይቀራረባል። መገጣጠሚያ ላይ የፈሰሰ ኮላ በዓይን አይታይም፤ ቀለም ሲቀባ ግን ነጭ ነቁጥ ሆኖ ያጋልጣል። በእርጥብ ጨርቅ ዕቃውን ሁሉ ቢያብሱት ኮላው ያለበት ቦታ ውኃ ስለማይጠጣ ይለያል፤ ያኔ ፈቅፍቆ ማስወገድ ነው። ይህ ማራስ ሌላም ጥቅም አለው፤ በውኃ የሚቆመውን የእንጨት ጸጉር አስቀድሞ ስለሚያስነሣው፣ ሲደርቅ በ220 ቀስ ብሎ መፈተግ በውኃ የሚሟሟውን ቀለም ሥራ ያቀልለታል።

የፈረንጅ ጥድ ትልቁ ችግር መዠጐርጐሩ ነው። ለስላሳው ክፍል ቀለም አብዝቶ ይጠጣል፣ ጠንካራው ደግሞ ይገፋል። ለዚህ የሚረዳው ሲለርን፣ ማለትም ከቫርኒሽ በፊት የሚቀባውን የእንጨት ቀዳዳ መድፈኛ፣ አንድ እጁን ከአራት ወይም ከአምስት እጅ ቲነር ጋር አቅጥኖ አንድ ጊዜ መቀባትና ሲደርቅ በቀስታ መፈተግ ነው፤ ቀለሙ ጥቂት ይገረጣል፣ ነገር ግን ወጥ ይሆናል። እንደ ቅባት የወፈረ ስቴይን ከተገኘም ወደ ውስጥ ብዙ ስለማይሰርግ መዠጐርጐሩን ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ከዚያው ጣውላ የተረፈ ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ቁራጩ እንደ ዕቃው ተፈትጎ፣ ተቀልሞ፣ ቫርኒሽም ተቀብቶ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ስቴይን ደርቆ ሲገረጣ ያዩት መልክ ቫርኒሹ ሲያርፍበት እንደገና ይጠቁራል። ለደንበኛ የሚታየውም ይህ ቁራጭ ይሁን፤ ከስልክ ላይ በተወሰደ ፎቶ መስማማት የጠብ መነሻ ነው። ዱቄቱን ሲበጠብጡ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ፤ ካልተጻፈ ለአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ 15 ግራም ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ብረት ቀለሙን ሊለውጠው ስለሚችል በላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ይበጥብጡና በስስ ጨርቅ ያጥልሉ።

አቀባቡ ቀላል ነው፦ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በቡሩሽ አብዝቶ መቀባት፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና ትርፉን በመስመሩ አቅጣጫ መጥረግ። አንድን ፊት ግማሽ ላይ አቁመው ቡና ለመጠጣት አይሂዱ፤ የደረቀው ጠርዝ ከአዲሱ ጋር ሲደራረብ የማይጠፋ ምልክት ይተዋል።

ጥቁር መልክ ለሚፈልግ በቤት የሚሠራ ዘዴም አለ። ደቃቅ የብረት ሱፍ በኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፈዘፋል፤ ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ። እንጨቱ አስቀድሞ በወፍራም ሻይ ተቀብቶ ከደረቀ፣ በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ እንጨቱን ያጠቁረዋል። በአንጻሩ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ ማጥቆር ለአጥር ግንድ ካልሆነ በቀር ለቤት ዕቃ አይገባም፤ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ ቫርኒሽም አያስይዝም።

በዘይት የተሠራ ስቴይን በበጋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በእጅ ሲነካ ቢቀዘቅዝ ወይም ጠረኑ ገና ቢከብድ አልደረቀም። በአልኮል የሟሟ ቀለም ላይ ቲነር ያለበትን ሲለር በቡሩሽ ማሸት ቀለሙን ስለሚያነሣው መርጨት ይመረጣል። የመጀመሪያው ሲለር ሲደርቅ በ320 እጅግ በቀስታ ይፈተጋል፤ በተለይ ማዕዘኖች ላይ ትንሽ መጫን ቀለሙን ልጦ ነጩን እንጨት ያወጣል። ኮረኮንች መንገድ አጠገብ ያለ ወርክሾፕ ከቫርኒሹ በፊት ወለሉን ውኃ ቢረጭበት አቧራው ይተኛል።

የተልባ ዘይት ያለበት ስቴይን የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሰጋቱራ ባለበት ቤት ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት የብረት ባልዲ ውስጥ ነክረው ክዳኑን ይግጠሙበት።