ትሪሙን ከመንካታችሁ በፊት ሚዛኑን ለኩ፦ የግላይደር ችግርና መፍትሔ ለጣና ዳር አብራሪዎች

ይህ ጽሑፍ የግላይደር ሞዴል (በሪሞት የሚታዘዝ፣ እየተንሳፈፈ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን) ይዞ፣ ባትሪ ሞልቶ፣ የመሪዎቹን አቅጣጫ ፈትሾ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መወርወር ለሚችል ሰው ነው። ይህን ገና ያልለመደ ከክለቡ ነባር አባል አጠገብ ቆሞ ይማር። የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ ተመላልሰው ስለሚመጡ ብልሽቶች ነው፤ ከሁሉም በላይ ስለ አንዱ።

ምልክቱ፦ ያነሳል፣ ይቆማል፣ ይደፋል

ግላይደሩ ከእጅ እንደወጣ ጥቂት ሜትር ደህና ይሄዳል። ከዚያ አፍንጫውን ያነሳል፣ ፍጥነቱን ይጨርሳል፣ ክንፉ መሸከም ያቅተውና ይደፋል፤ ፍጥነት ሲያገኝ መልሶ ያነሳል። ማዕበል ላይ እንዳለ ታንኳ እየወጣና እየወረደ ሄዶ፣ ከመደፋቶቹ በአንዱ መሬት ይቀድመዋል።

የባለቤቱ የመጀመሪያ ንግግር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከፍታው ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው።» ከፍታው እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሞቃት ቀን አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ግላይደር እዚህ ለመንሳፈፍ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ውርወራው ጠንከር ያለ ክንድ ይጠይቃል፣ ሲያርፍም ፈጠን ብሎ ያርፋል። ነገር ግን ከፍታ የስበት ማዕከልን (ክብደቱ የሚመጣጠንበትን ነጥብ) አንዲት ሚሊሜትር አያንቀሳቅስም። ሐይቅ በሌለበት ቆላ ሚዛኑን የጠበቀ ግላይደር ጣና ዳር ሲመጣ ሚዛኑን አይስትም። በአየሩ ማመካኘት ጥፋቱ እንዳይፈለግ ብቻ ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው ንግግር ስለ ትሪም (መሪውን በሪሞቱ በጥቂቱ አቅንቶ ስለመተው) ነው፦ «ትሪም አደረግሁለት፣ ትንሽ ተሻለው»። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሞዴል ሰብሯል። ምክንያቱ ይህ ነው። ከሩቅ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት በሽታዎች አሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

አፍንጫው የከበደ ግላይደር ቀጥ ብሎ እንዲበር ኤሌቬተሩ (ጭራው ላይ ያለው፣ አፍንጫውን የሚያነሳውና የሚደፋው መሪ) ወደ ላይ እንዲቀና ይገደዳል። ፍጥነት ሲጨምር ያ ወደ ላይ የቀና መሪ አፍንጫውን በኃይል ያነሳዋል፤ ፍጥነት ሲያልቅ ይደፋል። አነሳሱና አደፋፈሩ የተስተካከለ፣ አስቀድሞ የሚገመት ነው። ጭራው የከበደ ግን ሥርዓት የለውም። ኤሌቬተሩን በጣት ጫፍ ስትነኩት እጥፍ ድርብ ይመልሳል፤ አንዴ ያነሳል፣ አንዴ ዝም ይላል፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ሳይታሰብ አንዱ ክንፍ ይወድቅና እየተሽከረከረ ይወርዳል። ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት የሚደርሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

መሬት ላይ የሚታይ ምልክትም አለ። ግላይደሩ ካረፈ በኋላ ሪሞቱን ሳታጠፉ፣ ትሪሙን ሳትነኩ፣ ጭራውን በዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ከጎን ተመልከቱ። ኤሌቬተሩ ከማይንቀሳቀሰው የጭራ ክንፍ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ከቀረ አፍንጫው ከብዷል። ወደ ታች ከወረደ ጭራው ከብዷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ይናገራል።

ማረጋገጫው የመስመጥ ሙከራ ነው። ማለዳ፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ፣ ግላይደሩን ቢያንስ 50 ሜትር አውጡት። በተለመደው ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ከዚያ አፍንጫውን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ሰጥታችሁ ኤሌቬተሩን ልቀቁ። ወዲያውኑ ሽቅብ ከተመነጠቀ አፍንጫው ከብዷል። በዝግታ፣ ሰፊ ቅስት እየሠራ ከተቃና ሚዛኑ ደህና ነው። እንደተሰጠው ቁልቁል ከቀጠለ ወይም ይባስ ብሎ አፍንጫውን ከደፋ ጭራው ከብዷል፤ ቶሎ፣ ነገር ግን በስሱ ጎትታችሁ አውጡት። በኃይል የጎተተ ሰው ክንፉን አየር ላይ ያጥፈዋል።

ይህን ሙከራ ከሰው በላይ፣ ከመንገድ በላይ ወይም ከሐይቁ በላይ አታድርጉ። በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ደግሞ ሙከራውም፣ ማንኛውም በረራም አይታሰብ። ፈቃድ የሌለው ሰው ሞዴሉን ቤቱ ያስቀምጥ።

ምክንያቱ፦ የጥገና ክምር

ፋብሪካው ሚዛናዊ አድርጎ የላከው ግላይደር ጭራው የሚከብደው በባለቤቱ እጅ ነው። ረጅም ሣር ላይ ሲያርፍ የሚሰበረው ጭራ ነው። ይሰበራል፣ ይለጠፋል፤ እንደገና ይሰበራል፣ ማጣበቂያው ላይ ማጣበቂያ ይጨመራል፤ ከዚያ የካርቶን ፕላስተር ይጠመጠምበታል፤ ውበት ፈላጊ ከሆነ ቀለም ይቀባል። ሒሳቡን ተመልከቱ። ከስበት ማዕከሉ እስከ ጭራው 75 ሳንቲሜትር፣ እስከ አፍንጫው 25 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጭራ ላይ የተጨመረ 1 ግራም አፍንጫው ላይ 3 ግራም ይጠይቃል። 10 ግራም ማጣበቂያና ፕላስተር 30 ግራም እርሳስ ነው። ይህን ሁሉ ትሪም አይሸከመውም።

አንድ የክለባችን ወጣት ሁለት ሜትር ክንፍ ያለው የፎም ግላይደሩን ይዞ መጣ። «ሰርቮው ደክሟል» አለኝ፤ ጭራ ላይ ያለውን ሰርቮ (መሪውን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) አውጥቶ የብረት ጥርስ ባለው ከባድ ሰርቮ ተክቶታል። ይህ ሰርቮ ራሱ በሽታውን አባሰው። ጭራውን በምላጭ ስፈልጠው ሦስት ዓይነት ማጣበቂያ ተደራርቦ አገኘሁ፤ ሥር ያለው ኢፖክሲ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ መካከለኛው ወደ ቢጫ ተለውጦ፣ ላይኛው ገና ይለጠጣል። የተላጠውን ሁሉ ሰብስቤ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ወጣቱ ዝም አለ። የቀድሞውን ቀላል ሰርቮ መለስን፣ ስብራቱን በቀጭን የካርቦን ዘንግና በስሱ የፎም ማጣበቂያ ጠገንን። ትሪሙን መሐል ላይ አድርገን ወረወርነው፤ ሜዳውን አቋርጦ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ አረፈ። እርሳስ እንኳ አልፈለገም።

ሌላው ምክንያት ባትሪ ነው። ችግሩ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅንቁት። አንድ አባል ግላይደሩ በቀስታ ሲወረወር ይሰምራል፣ ጠንከር ብሎ ሲወረወር ሽቅብ ተነስቶ ይወድቃል ብሎ ተማረረ። ባትሪው የታሰረበት ቬልክሮ በፎም ብናኝ ተደፍኗል። በኃይል ሲወረወር ባትሪው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ግላይደሩ በአየር ላይ እያለ ጭራው ይከብዳል። ከባትሪው ኋላ የተቆረጠ ፎም አስደግፉ፤ ቬልክሮ ብቻውን አይታመንም። ከመሣሪያው ጋር በነጻ የሚመጣው ቬልክሮማ ጨርሶ አይታመንም።

መፍትሔው

የስበት ማዕከሉን ቤት ውስጥ ለኩ፤ መስኮት ዝጉ፤ ባትሪውን አስገቡ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ስፋቱ (ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ) ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል በሆነ ክንፍ፣ ከፊት ጠርዙ የስፋቱን 30 በመቶ ለመነሻ ውሰዱ፤ ስፋቱ 200 ሚሊሜትር ከሆነ 60 ሚሊሜትር። ወደ ጫፉ የሚጠብ ክንፍ ከሆነ የሥሩን ስፋት ሳይሆን አማካዩን ተጠቀሙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ክንፎች ሥር እዚህ ነጥብ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ፣ ጣቶቻችሁን እዚያ ላይ አድርጋችሁ አንሱት። አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ከቆመ ለመጀመሪያ በረራ ደህና ነው። ርካሽ ሞዴሎች ውስጥ ያለው ወረቀት የሚነግራችሁን ቁጥር ግን ሳትለኩ አትቀበሉ፤ ክንፉ ተቀይሮ ወረቀቱ ያልተቀየረ አጋጥሞኛል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጭራውን አቅልሉ፣ ቀጥሎ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ፣ እርሳስ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው ከእርሳስ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ግላይደር ይበራል፣ ነገር ግን ከብዶ ይበራል፤ ስስ አየራችን ላይ ደግሞ ተጨማሪ ክብደት በፍጥነት ይከፈላል። እርሳስ ሲያስፈልግ ጎሚስታ ቤት ሂዱ። ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈው እርሳስ ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ተቆርጦ ስለሚገኝ ለሚዛን የተመቸ ነው። የራሱ ማጣበቂያ ፎም ላይ በፀሐይ ይለቃል፤ በሙቅ ማጣበቂያ ደግማችሁ ያዙት፣ በፕላስተር እሰሩት። አፍንጫ ውስጥ የሚንከባለል እርሳስ ጭራሽ እርሳስ ካለማድረግ ይከፋል። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቆሎ አይዘገንም፤ ልጆች አጠገብ ደግሞ አታስቀምጡ።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ትሪሙን መሐል አድርጉና የመስመጥ ሙከራውን ድገሙ። በአንድ ጊዜ ከ5 ግራም በላይ አትለውጡ።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል

ክንፉ ጠምዟል። ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ተደርጎ የመጣ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሰነበተ፣ ወይም በሚያዝያ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ የቀረ ክንፍ ይጠምዛል። ከኋላ ሁለት ሜትር ራቁና የሁለቱን ክንፎች የኋላ ጠርዝ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ በዓይን ይለያል። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ፣ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ በተቃራኒው አጥፉ፣ እስኪበርድ ድረስ ይዛችሁ ቆዩ። በራደር (በጭራው የግራ ቀኝ መሪ) ትሪም አታካክሱት። በደህና ፍጥነት የተስተካከለ ይመስላችኋል፤ ለማረፍ ሲቀንስ ግን ያ የጠመመ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ከፍታም ጊዜም የላችሁም።

በላስቲክ ሲወነጨፍ ይጠማዘዛል

ላስቲኩ የሚያያዝበት መንጠቆ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ 5 ሚሊሜትር ወደ ፊት አምጡት። ሳይወጣ ዝቅ ብሎ የሚጎተት ከሆነ ተቃራኒውን አድርጉ። ሚዛኑ ሳይለካ ግን መንጠቆ አትንኩ፤ የመንጠቆው ቦታ የሚታወቀው ከስበት ማዕከሉ ተነስቶ ነው።

ሲፈጥን ጭራው ያጉረመርማል

ያ ድምፅ የመሪው መርገብገብ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ጭራ ይነቅላል። አፍንጫውን አንስታችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ አውርዱት፣ ያን ቀን አትመልሱት። መሪውን በሁለት ጣት ያዙና አወዛውዙ፦ ሰርቮውን ከመሪው የሚያገናኘው የመግፊያ ሽቦ በመሪው ቀንድ ቀዳዳ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቀዳዳው ሰፍቷል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት ለስላሳ የፕላስቲክ ቀንዶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰፍተው ነው የሚመጡት። ለሞዴሉ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው ለቀንድ ሳንቲም ሲሰስት አይገባኝም። ማጠፊያው ላይ ያለ ስንጥቅም ያው ነው፤ ነገ የሚባል ጥገና የለም።

ሲርቅ መታዘዝ ያቆማል

ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) ራሱ የሞተበት እምብዛም ነው። ብዙውን ጊዜ የተጎዳው አንቴናው ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ሪሲቨር ላይ ሥራ የሚሠራው የአንቴናው ጫፍ 31 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያች ከተቆረጠች ወይም ከታጠፈች ርቀቱ ይሞታል። ሁለት አንቴና ካለ አንዱን ለሌላው በ90 ዲግሪ አስቀምጡ፣ ከካርቦን ዘንግም አርቁ። የሪሞቱን አንቴና ጫፍ ወደ ግላይደሩ አትቀስሩ፤ ደካማው አቅጣጫ እሱ ነው። እርጥብ ደንገልና ዛፍ ይህን ሞገድ ስለሚውጡ፣ ዝቅ ብሎ ከደንገል ጀርባ የሚያበር ሰው ሞዴሉን እየተሰናበተ ነው።

ሐይቁ ውስጥ ወደቀ

ከሁሉ በፊት፦ ደንገል ውስጥ አትግቡ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ለፎም ብሎ ወደዚያ የሚራመድ ሰው አይኑር። ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ የሚለውንም ጨምሮ። ታንኳ ያለውን፣ ውሃውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ጉማሬው ካለ እሱም አይሄድም፣ አታስገድዱት።

ሞዴሉ ከወጣ ባትሪውን ወዲያው ንቀሉ፣ ከቤት ውጭ፣ ከሚነድ ነገር አርቃችሁ አስቀምጡ። ያበጠ ወይም የተቀደደ የሊፖ ባትሪ ዳግም አይሞላም። ሪሲቨሩን ከሽፋኑ አውጡ፣ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው። ሰርቮውን ግን ደረቀ ብላችሁ አትመኑት፤ ከነፋስ ሁለት ቀን በኋላ አብሩትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ሳይታዘዝ የሚያንቃቃ ወይም መሐል ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቀይሩት። ከቀየራችሁም አዲሱን መዝኑ፤ ከአሮጌው ከከበደና ቦታው ጭራ ላይ ከሆነ ሚዛኑን እንደገና ለኩ።