አራተኛ ፎቅ ውሃ ያደረስንበት መንገድ

ችግሩ፦ በወረፋችን ቀን ምድር ቤት ውሃ ይመጣል። እኛ አራተኛ ፎቅ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል።

መጀመሪያ የቆጣሪውን ማጣሪያ አጸዳሁ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ገዝቼ መስመሩ ላይ ገጠምኩ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው በደረቁ መዞር ጀመረ፤ ለካ ከሥሬ ያሉት ጎረቤቶቼም ገጥመዋል! ሁላችንም ከአንድ ቱቦ ስንሻማ ለማንም አልደረሰም። መስመርን በፓምፕ መምጠጥ ደግሞ ቱቦው ስንጥቅ ካለው ቆሻሻ ያስገባል። ተለቅ ያለ ልገዛ ነበር፤ እንኳንም አልገዛሁ።

የሠራው ይኸው። ቡና ላይ ተነጋግረን ስምንታችንም ፓምፓችንን ነቀልን። አዋጥተን 5,000 ሊትር ሮቶ ግቢ ውስጥ አስቀመጥን። ሌሊት ግፊቱ ሲሻል በራሱ ይሞላል። ከዚያ አንድ ፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋዋል። ፓምፕ ስትገዙ ፈረስ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ሜትር እንደሚያነሳ እዩ፤ 1 ባር ግፊት ውሃን 10 ሜትር ገደማ ነው የሚያወጣው፣ የእኛ ጣሪያ ከዚያ ያልፋል። ሮቶው ውስጥ ፍሎት ስዊች አስገቡ፤ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን ያጠፋዋል።

መብራቱን ለስምንት እንካፈላለን። የእኔ ፓምፕ አልጋ ሥር ተኝቷል።