ጀማሪ ተዋናይ ከኤጀንሲ ጋር እንዴት ይሠራል?

ብዙ ጀማሪ ኤጀንሲ ሥራ የሚሰጥ ይመስለዋል። አይሰጥም። ተዋናዩን የሚቀጥረው ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ለገጸ ባሕርይው የሚሆኑትን አጣርቶ የሚያቀርብለት ደግሞ ካስቲንግ ዳይሬክተሩ ነው። ኤጀንቱ፣ ኤጀንሲው ውስጥ እናንተን የሚወክለው ሰው፣ የእናንተ ወገን ነው። ለኦዲሽን፣ ማለትም ለሚናው ፈተና፣ እንድትጠሩ ይወተውታል፣ ሚናውን ስታገኙ በክፍያው ይደራደራል። በምትኩ ከምታገኙት ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 10 በመቶ ነው። እናንተ ካልሠራችሁ እሱም አያገኝም። ሌላውን ሁሉ በዚህ መዝኑት።

መጀመሪያ ፎቶና ቪዲዮ አዘጋጁ። ፎቶው የአሁኑን መልካችሁን ያሳይ። የትወና ቪዲዮው፣ ሾውሪል የሚባለው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ምርጡን ትዕይንት ከፊት አድርጉት፤ ኤጀንቱ እስከ መጨረሻ ላያየው ይችላል። የተቀረጸ ሥራ ከሌላችሁ ከጓደኛ ጋር አጭር ትዕይንት ቅረጹ።

ከዚያ ኤጀንሲ ምረጡ። የሚወክላቸውን ተዋንያን ዝርዝር እዩ። በዕድሜም በመልክም እናንተን የሚመስል ሰው ካላቸው ላይቀበሏችሁ ይችላሉ። አጭር ኢሜይል ላኩ። መልስ አለመምጣቱ የተለመደ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ።

ከተቀበሏችሁ ውሉ ይመጣል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሌላ ኤጀንሲ ጋር መሥራት ይከለክላል? ለስንት ጊዜ ያስራል? ራሳችሁ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ሥራ ላይም ይቆርጣል? ክፍያው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኤጀንሲው እጅ ስለሚገባ፣ በስንት ቀን ለእናንተ እንደሚያስተላልፍ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለወራት ሥራ ካልመጣ ውሉን ማፍረስ የምትችሉበት አንቀጽም ይኑረው።

ገና ሥራ ሳይመጣ የመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ፣ ወይም «በእኛ ፎቶግራፈር ካልተነሳችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ትታችሁት ውጡ። እንዲህ ያለው ገቢው ከተዋናይ ኪስ ነው፤ ሥራ ቢገኝላችሁም ባይገኝላችሁም ግድ አይሰጠውም። ካሊፎርኒያን የመሰለ የአሜሪካ የፊልም ግዛት እንዲህ ያለውን በሕግ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ሕልም ላይ የሚነግዱ ብዙ ናቸው።

ፈረማችሁ ማለት ቁጭ ብላችሁ ስልክ ትጠብቃላችሁ ማለት አይደለም። ከከተማ ስትወጡ፣ ፀጉራችሁን ስትቆርጡ ለኤጀንቱ ንገሩት። ዛሬ አብዛኛው የመጀመሪያ ኦዲሽን ቤት ተቀርጾ የሚላክ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ስልካችሁን አግድም አድርጋችሁ በዓይናችሁ ቁመት አቁሙት። ከጀርባችሁ ባዶ ግድግዳ ይሁን። የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል የሚያነብላችሁ ሰው ከካሜራው አጠገብ ይቁም፣ ድምፁንም ዝቅ ያድርግ። ካለበለዚያ ከእናንተ ይልቅ የሚሰማው እሱ ይሆናል።