ወርቁ ተቀብቷል፣ ቴስተሩ ግን ዝም አለ፦ የናኖ ደሴቶች ችግርና መፍትሄ

ወርቅ አትንነን መስታወት የምንቀባበት ቫኪዩም ቻምበር (አየሩ የተመጠጠ ሳጥን) ተከፍቶ መስታወቱ ወጥቷል። የውፍረት መለኪያው 5 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ወርቅ ተቀብቷል ይላል። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ስታስነኩት ግን ምንም የለም፤ ኤሌክትሪክ አያልፍም።

እኔም በመጀመሪያ ሰሞን ሽቦ ስቀይር፣ ቴስተር ስለዋውጥ ነው የከረምኩት። መሣሪያዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። ወርቁ ነው ምንጣፍ መሆኑ ቀርቶ ደሴት ደሴት የሆነው።

ምልክት አንድ፦ ቁጥሩ አለ፣ ኤሌክትሪክ የለም

መለኪያው አልዋሸም። የሚያነበው በውስጡ ባለው የኳርትዝ ክሪስታል ላይ ያረፈውን የወርቅ ክብደት ነው። ከዚያ «ይህ ወርቅ እኩል ቢነጠፍ ይህን ያህል ይወፍራል» ብሎ ያሰላል። እኩል መነጠፍ አለመነጠፉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጠዋት ጎመን ቅጠል ላይ ያለውን ጤዛ አስቡት። ቅጠሉን አያረጥበውም፤ ድቡልቡል ብሎ ይሰበሰባል። የወርቅ አተሞችም መስታወት ላይ እንደዚያ ናቸው። ከመስታወቱ ይልቅ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። ስለዚህ አንዱ ቦታ ከ5 ናኖሜትር በላይ ይቆለላል፣ አጠገቡ ባዶ መስታወት ይቀራል። ጣና ላይ ከክብራን ገብርኤል ደሴት ወደ እንጦስ ደሴት ያለ ታንኳ እንደማይኬድ ሁሉ፣ ኤሌክትሮኑም ክፍተቱን ዝም ብሎ አይሻገርም። ይህ አስተዳደግ በ1926 በገለጹት በሁለቱ ተመራማሪዎች ስም ቮልመር-ዌበር ይባላል።

ምንም ሳትነኩ በፊት መስታወቱን ወደ መስኮቱ አንሡና ብርሃን አሳልፋችሁ እዩት። በደንብ የተነጠፈ ስስ ወርቅ የሚያሳልፈው ብርሃን ወደ አረንጓዴ ያደላል። ደሴት የሆነው ግን ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። በየደሴቲቱ የታጠሩት ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር እየተወዛወዙ ቢጫና ቀይ አካባቢ ያለውን ስለሚውጡት ነው። ይህን ፍተሻ በጣም እወደዋለሁ፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቴስተሩ ብዙ ሜጋኦምም ቢሆን የሆነ ቁጥር ከሰጣችሁ፣ መስታወቱን ትንሽ ሞቅ አድርጉት። የተያያዘ ብረት ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል። ደሴት ከሆነ ግን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ኤሌክትሮኖቹ ጠባቧን ክፍተት እንዲዘሉ ያግዛቸዋል።

ወደ መፍትሄው ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ማጣበቂያ ሽፋን ሞክሩ። ከወርቁ በፊት 2 ወይም 3 ናኖሜትር ክሮሚየም ወይም ቲታኒየም ቀቡ። እነዚህ የመስታወቱን ኦክስጅን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ወርቁ ደግሞ እነሱን ይይዛል። ግን አደራ፣ በሁለቱ መካከል ቫኪዩሙን አትክፈቱ! አየር ካገኛቸው ወዲያው ኦክሳይድ ይሆናሉ፣ ወርቁም ተመልሶ እንደ ጤዛው ይሰበሰባል። ሥራችሁ ብርሃን ማሳለፍ ከሆነ ክሮሚየም ያጨልምባችኋል። ያኔ ሜርካፕቶሲሌን የሚባለው ሞለኪውል ይሻላል፤ አንዱ ጫፉ መስታወቱን ይይዛል፣ ሰልፈር ያለበት ጫፉ ወርቁን። የምትቀቡት ብር ከሆነ ደግሞ ከሥሩ 1 ናኖሜትር አካባቢ ጀርማኒየም ድንቅ ይሠራል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ተመልከቱ። ወርቁን ቀስ እያላችሁ ስታተኑት አተሞቹ ተዘዋውረው ለመሰባሰብ ጊዜ ያገኛሉ። ፍጥነቱን ከፍ ስታደርጉ ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ተቀራርበው ይበቅሉና ቶሎ ይገናኛሉ። መስታወቱንም አታሙቁት፤ ማቀዝቀዝ ከቻላችሁ እሰየው። ብዙ ሰው መስታወቱን ደጋግሞ በማጠብ ብቻ ሊፈታው ይሞክራል። ንጽህና ግዴታ ነው፤ ግን ንጹህ መስታወትም ቢሆን ወርቅን አይስብም።

ቀጭን የግድ ካልሆነባችሁ ደግሞ ወፈር አድርጉት። ባዶ መስታወት ላይ ደሴቶቹ ብዙውን ጊዜ 10 ናኖሜትር አካባቢ ይያያዛሉ። እኔ ለኤሌክትሪክ መስመር ከ20 በታች አልወርድም።

ምልክት ሁለት፦ ደህና ነበር፣ ከምድጃ ሲወጣ ተበላሸ

ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 10 ናኖሜትር የሆነው ወርቅ ግን በጥቂት መቶ ዲግሪ፣ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ ይበጣጠሳል። ወርቁ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች (ቅንጣቶች) በሚገናኙበት ወሰን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ ይሸሻል። በመጨረሻ የሚቀረው ደሴት ብቻ ነው። ማይክል ፋራዳይ በ1857 ስስ የወርቅ ቅጠል ሲሞቅ አረንጓዴ ቀለሙን እንደሚያጣ ጽፎ ነበር፤ ያንኑ ለውጥ ዛሬም በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሙቀቱንና ሰዓቱን ቀንሱ፣ ወይም ወርቁን አወፍሩት። ሁለቱም ካልተቻለ ከማሞቃችሁ በፊት ከላይ ጥቂት ናኖሜትር የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክዳን ጫኑበት፤ አተሞቹ ላይ ላዩን እንዳይሮጡ ይይዛቸዋል። ክሮሚየሙን ማብዛት ግን አይጠቅምም። በሙቀት ጊዜ ክሮሚየም በቅንጣቶቹ ወሰን ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ የወርቁንም ተቃውሞ ይጨምራል።

ምልክት ሦስት፦ ማይክሮስኮፑ ጠጠር ያሳያል

ናሙናችሁን ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወርቅ ቀብታችሁ፣ ከ50 ሺህ እጥፍ በላይ ስታጎሉት ሁሉም ነገር ጠጠር የፈሰሰበት ከመሰለ፣ የምታዩት የቀባችሁትን ወርቅ ነው። ወደ ፕላቲነም ወይም ኢሪዲየም ቀይሩ። ቅንጣታቸው በጣም ያነሰ ነው።

ምልክት አራት፦ ደሴቱን ፈልጌው እምቢ አለኝ

ይህኛው የተገላቢጦሽ ነው። ለሌዘር የሚሆኑ ኳንተም ነጥቦች (ኤሌክትሮን የሚያጥሩ ጥቃቅን የሴሚኮንዳክተር ደሴቶች) የሚሠሩት ጋሊየም አርሴናይድ ላይ ኢንዲየም አርሴናይድ በማብቀል ነው። የሁለቱ ክሪስታል ልክ፣ ማለትም በአተሞቻቸው መካከል ያለው ርቀት፣ በ7 በመቶ ይለያያል። ኢንዲየም አርሴናይዱ መጀመሪያ ተጨንቆም ቢሆን ዝርግ ይተኛል። 1.7 የአተም ንብርብር አካባቢ ሲደርስ ጭንቀቱን አይችለውም፣ ደሴት ሆኖ ይነሣል።

በዚያ ሰዓት ዓይናችሁ ከኤሌክትሮን ነጸብራቁ ስክሪን (ገጹን ገጭተው የሚመለሱት ኤሌክትሮኖች ምስል ከሚሠሩበት) ላይ አይነሣ። ገጹ ዝርግ እያለ ረጃጅም መስመሮች ይታያሉ፤ ደሴቶቹ ሲነሡ መስመሮቹ ወደ ነጥብ ይቆራረጣሉ። መስመሩ መስመር ሆኖ ከቀረ ኢንዲየሙ አንሷል፣ ወይም ከገጹ ላይ በሙቀት እየተነነ ነው። በስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ ታይተው፣ ኋላ ግን ኳንተም ነጥቦቹ የሚሰጡት ብርሃን ደካማ ከሆነ ደግሞ አብዝታችኋል፤ ደሴቶቹ ተዋሕደው አድገዋል፣ ውስጣቸውም የክሪስታል ጉድለት ተፈጥሯል። ስለዚህ የስክሪኑ ነጥቦች ጥርት ብለው እንደታዩ የኢንዲየሙን መዝጊያ ዝጉና ደሴቶቹን በጋሊየም አርሴናይድ ሸፍኗቸው።