ያረጀ የሙዚየም ሕንፃ ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ሙዚየም ሲሆን መታደሱ አይቀርም፤ ቅርሱን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ያው እድሳት ነው።

«በላስቲክ ሸፍነነዋል» ብሎ ሥራ መጀመር

ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። የመብሻው ንዝረት ደግሞ መስታወት መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ በሚሊሜትር እየገፋ ጠርዝ ያደርሰዋል፤ ማንም ሳያየው ይወድቃል። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠው፣ ፎቶ ይነሣ፣ የሚሄድበት ቦታ ይመዝገብ፤ ከዚያ ይውጣ። የማይነቃነቀው በእንጨት ፍሬም ይከለል፤ ላስቲኩ ዕቃውን አይንካ፣ ከሥር አየር ማስገቢያ ይተው።

የኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን

ከመሬት የሚመጣው እርጥበት በኖራው ቀዳዳ እየወጣ ይተን ነበር። ሲሚንቶ ሲዘጋበት ወደ ላይ ይወጣና በውስጠኛው ፊት በኩል ይፈልቃል፤ ነጭ ጨው ልስኑን ያራግፈዋል፣ የተሰቀለው ሥዕል ጀርባ ይሻግታል። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ይቦካ፤ አንዱ ድርብ ከ10 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ የፊተኛው ሳይጠና ሌላ አይደረብ። ተቋራጩ «ይዘገያል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጊዜው ከመጀመሪያው ውል ውስጥ ይግባ።

አየር ማቀዝቀዣ እንደ መፍትሔ ማየት

በዘመናዊነት ስም ከሚሠሩት ሁሉ የከፋው ይሄ ይመስለናል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ፣ ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚለዋወጠው። ማሽኑ ጠዋት 3 ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት ሲዘጋ ግን እርጥበቱ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ብራና ቆዳ ነው፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለው ቀለም ግን አብሮት አይሄድም። መጀመሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፣ ቀጥሎ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ከግዢው በፊት የእርጥበት መመዝገቢያ ክረምቱንም በጋውንም ይለካ፤ ዓመት ይፈጃል። ንባቡ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነ የሚያፈስ ጣሪያ መድፈን፣ አሸንዳ ማጽዳትና ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ማስቀመጥ ይበቃል።

የማሽኑ የኤሌክትሪክ ገመድም የእሳት አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የብራዚልን ብሔራዊ ሙዚየም ያወደመው እሳት የተነሣው ከአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ እንደሆነ ምርመራው ደርሶበታል። እሳት አጥፊዎች ሲደርሱ በአቅራቢያው ባሉት የእሳት ማጥፊያ የውኃ መቅጃዎች በቂ ውኃ አልነበረም። የእናንተን ቧንቧ ከሥራው በፊት ከፍታችሁ እዩ።

ጣሪያ ላይ እስከ ሥራ መውጫ መበየድ

እንግሊዝ ሳሴክስ ያለው አፓርክ የተባለ የድሮ ትልቅ መኖሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቃጠለው ሠራተኞች የጣሪያውን የእርሳስ ብረት በእሳት ሲያያይዙ ነው፤ እድሳቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት። ብየዳው ሠራተኛው ከመሄዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቁም፤ በዚያ ሰዓት ማጥፊያ የያዘ ሰው ኮርኒሱ ውስጥ ጭምር ይጠብቅ። እሳት ጣውላ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

በአዲስ ችፑድ ሣጥን ውስጥ ወዲያው ማሳየት

ችፑድና ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት በሙጫ የተጠፈጠፈ ጣውላ) አሲድነት ያለው ጋዝ ይለቃሉ፤ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ዕቃ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በዱቄት ቀለም የተቀባ ብረትና መስታወት ይሻላል። መብራቱ ለብራናና ለጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ)፣ ለዘይት ቀለም ሥዕል ከ200 አይለፍ። የተቀባ ክፍል ቢያንስ አራት ሳምንት መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ፤ ሽታው መጥፋቱ ጋዙ ለመውጣቱ ማስረጃ አይደለም። ዕቃው ከመመለሱ በፊት የእርጥበት መመዝገቢያው ባዶው ሣጥን ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ።